አምስት ቀን በኮንክ

ቀን አንድ፣ ሐሙስ። ከቱሉዝ ወደ ሮዴዝ

በደቡብ ፈረንሳይ ባለችው በቱሉዝ ከተማ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ኮንክ የምትባለውን መንደር ስም ያላነሣልኝ የአካባቢው ተወላጅ ጥቂት ነው። አንዱ ስለ ወርቅ ሐውልቷ፣ ሌላው ስለ ድንጋይ ቅርጿ፣ ሌላው ደግሞ በእግሩ ስላቋረጠው ሸለቆ ያወራኛል። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ ሲከነክነኝ የኖረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ነዋሪዋ ከ300 የማይሞላ፣ የሚታረስ ሜዳ የሌላት፣ ገደል ላይ የተለጠፈች መንደር ለትልቅ ከተማ የሚበቃ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ልትሠራ ቻለች? ከሠራችስ በኋላ ያን ሁሉ ጦርነትና አብዮት አልፋ ወርቋን ሳታስነጥቅ እንዴት ኖረች? ይህን በዐይኔ አይቼ በእግሬም ረግጬ ለመረዳት በጥቅምት አጋማሽ የዕረፍት ፈቃድ ወስጄ ተነሣሁ። በዚህ ማስታወሻ የማነሣቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባቡሩ አልቢንና ካርሞን አልፎ ወደ ደጋው ሲወጣ ቪዮር የተባለውን ወንዝ በ1902 በተመረቀ የብረት ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ ከወንዙ 116 ሜትር ከፍ ስለሚል፣ በመስኮት ቁልቁል የተመለከተ መንገደኛ አገሩ ምን ያህል በጥልቅ ሸለቆዎች እንደተቆራረጠ ወዲያው ይገባዋል። አቬሮን የሚባለው የዛሬው አስተዳደር፣ በጥንት ስሙ ሩዌርግ፣ ላዩ ሰፊ ደጋ ውስጡ ገደል የሆነ አገር ነው።

ሮዴዝ ላይ የቆየሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ግንባታው በ1277 የተጀመረውና 87 ሜትር የሚረዝም ደወል ቤት ያለው የቀይ ድንጋይ ካቴድራል ብዙ ሊያስጽፍ በቻለ ነበር፤ ሆኖም የእኔ ጉዳይ ሌላ ስለነበር በቀጥታ በ2014 ወደ ተከፈተው የሱላዥ ሙዚየም ሄድሁ። ሠዓሊው ፒየር ሱላዥ በ1919 በዚህችው ከተማ ተወልዶ በ2022 በ102 ዓመቱ ያረፈ ሲሆን፣ የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈው ጥቁር ቀለም ላይ የሚወድቀውን ብርሃን በመመርመር ነው። ለኮንክ ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች በሙሉ መጠን የሠራቸው ንድፎች እዚህ ይገኛሉ። በነጭ ገጽ ላይ የተሰመሩ ጥቁር መስመሮች እንጂ ሌላ ምንም የለባቸውም። ከፊታቸው ረጅም ጊዜ ቆሜ ምንም ሳይሰማኝ ወጣሁ፤ ይህን የምጽፈው በአራተኛው ቀን ሐሳቤ ስለተለወጠ ነው።

ቀን ሁለት፣ ዓርብ። ከቀዩ ምድር ወደ ግራጫው

ወደ ኮንክ የሚሄድ አውቶቡስ መኖሩን የነገሩኝ ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ በዚህ ወቅት በየቀኑ እንደማይሠራ ያወቅሁት ግን ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ ከደረስሁ በኋላ ነበር። ግማሽ ቀን ባክኖብኝ በመጨረሻ ወደዚያው ከሚሄዱ ባልና ሚስት ጋር የታክሲ ሒሳብ ተጋርተን ተጓዝን። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

መንገዱ ከደጋው ወርዶ የማርሲያክን ሸለቆ ሲይዝ ምድሩ በድንገት ይቀላል። ብረት የበዛበት የአሸዋ ድንጋይ ፈራርሶ አፈር የሆነበት ስፍራ በመሆኑ፣ የአካባቢው ሰዎች በቀይነቱ ሩዥዬ ይሉታል። በእርከን እርከን የተተከለው ወይን ማንሷ የሚባል የአገሩ ዘር ነው፤ ወይኑን በዚህ ሸለቆ ያስፋፉት የኮንክ መነኮሳት ናቸው እየተባለ ይነገራል። እርከኖቹን ሳይ የመንደሪቱ ምስጢር ከዚሁ እንደሚጀምር ገባኝ። ሜዳ የሌለው ሕዝብ ሜዳን በእጁ ደረጃ አድርጎ ይሠራል።

ከሳን ሲፕሪያን በኋላ ቀዩ ምድር ያበቃል፤ ሸለቆው ይጠባል፤ ዱርዱ የተባለው ወንዝ በግራጫ ቋጥኝ መካከል ይገባል። ይህ ግራጫ ድንጋይ ሺስት ይባላል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስስ በስሱ የሚላጥ በመሆኑ ለግድግዳም ለጣሪያም ያገለግላል። ኮንክ ያለችው ኡሽ የተባለች ትንሽ ወንዝ ከዱርዱ ጋር ከምትገናኝበት በላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ተዳፋት ላይ ነው። ዱርዱ ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ወርዶ ሎት ከተባለው ታላቅ ወንዝ ይቀላቀላል። ሁለቱ ሸለቆዎች ሲገናኙ የሚሠሩት ጎድጓዳ ዛጎል ስለሚመስል፣ ከላቲኑ ኮንካ፣ ማለትም ዛጎል፣ የመንደሪቱ ስም እንደወጣ ይታመናል።

መንደሪቱን ከሩቅ ማየት አይቻልም። ታክሲው የመጨረሻውን ጥምዝ ሲዞር በድንገት ሦስት የቤተ ክርስቲያን ማማዎች ከጣሪያዎች መካከል ብቅ አሉ፤ አብረውኝ የነበሩት ሴትዮም በወሬያቸው መካከል ዝም አሉ። ጣሪያዎቹ ላውዝ በሚባለው የሺስት ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው የተከደኑ ናቸው። ቤቶቹ ከሥር ድንጋይ፣ ከላይ በእንጨት ማዋቀሪያ መካከል በኖራ የተመረጉ ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ተደግፎ የቆመ ይመስላል። ከታችኛው መንገድ በአንደኛ ፎቅ የገባ ሰው ከላይኛው መንገድ በሦስተኛው ፎቅ ይወጣል።

ያረፍሁበት ቤት ባለቤት እዚሁ የተወለዱ አረጋዊት ናቸው። ከእራት በፊት ከቤቱ ጀርባ ወዳለች መስኮት አልባ የድንጋይ ጎጆ ወስደው ሴካዱ የሚባለውን አሳዩኝ። ሻቴኝ (በእንግሊዝኛ ቼስትነት) የሚባለው የዛፍ ፍሬ ማድረቂያ ነው። ጎጆዋ በመካከሏ በእንጨት ርብራብ ለሁለት ተከፍላለች፤ ፍሬው ላዩ ላይ ይሰጣል፤ ከሥር ነበልባል የሌለው እሳት ለሳምንታት ሲጨስ ይቆያል። ከዚያ ፍሬው ልጣጩን ጥሎ ይደርቅና እስከ ሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል። እጄን በርብራቡ ላይ ብሰድድ ጥላሸቱ እንደ ቅባት ተለጠፈብኝ፤ አረጋዊቷ ከአያታቸው ዘመን ወዲህ እሳት እንዳልነደደባት ነገሩኝ፤ ሽታው ግን እስካሁን አለ። ስንዴ በማይበቅልበት በዚህ ገደል ሕዝቡን ለብዙ መቶ ዓመታት ያኖረው ይህ ፍሬ ስለሆነ ዛፉን የዳቦ ዛፍ ይሉታል። ይህችን ጎጆ አስተውሎ የሚሄድ እንግዳ ጥቂት ነው፤ በኋላ እንደተረዳሁት ግን በወርቁ ታሪክ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት።

ቀን ሦስት፣ ቅዳሜ። የተሰረቀው ዐፅም

ማለዳ ጭጋጉ ዛጎሉን እንደ ወተት ሞልቶት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው አደባባይ ባዶ በመሆኑ በደረጃው ላይ ተቀምጬ የያዝሁትን ታሪክ በልቤ አሰላሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ዳዶን የተባለ ባሕታዊ ከዓለም ርቆ ወደዚህ ሸለቆ ሲገባ ነው። ሌሎች ተከተሉት፤ ማኅበሩ የቅዱስ ቤኔዲክት ሥርዓት የሚከተል ገዳም ሆነ፤ በ819 የታላቁ የፍራንኮች ንጉሥ የሻርለማኝ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሉዊ ርስትና ድጋፍ ሰጠው። ነገር ግን ገዳሙ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። በዚያ ዘመን የታላቅ ሰማዕት ዐፅም የሌለው ገዳም ተሳላሚ አያገኝም፤ ተሳላሚ ያላገኘ ደግሞ ስጦታ አያገኝም፤ ይልቁንም እንደ ኮንክ እርሻ የሌለው ከሆነ። ይባስ ብሎም በ838 የአኪታንያው ንጉሥ ፔፓን በፊዣክ፣ ሰፊና ለም በሆነ ስፍራ፣ አዲስ ኮንክ የሚባል ሌላ ገዳም ደገፈ። ጠባቡ አሮጌው ኮንክ ሊረሳ ተቃርቦ ነበር።

በአዠን ከተማ ደግሞ ፎዋ የተባለች የ12 ዓመት ያህል ልጅ ዐፅም ይገኝ ነበር። የስሟ ትርጉም እምነት ማለት ሲሆን፣ በ303 ገደማ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ለጣዖት አልሰዋም ብላ ሰማዕትነት የተቀበለች ናት። የዲዮቅልጥያኖስን ዘመን ከስንክሳር ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ገዳሙ የተረከው ታሪክ እንደሚለው፣ አሮኒስድ የተባለ የኮንክ መነኩሴ ወደ አዠን ሄዶ ማንነቱን ሰውሮ ከካህናቱ ጋር አሥር ዓመት ኖረ፤ ታማኝነቱን አይተው የመቃብሩ ጠባቂ አደረጉት፤ ሌሎቹ በጥምቀት በዓል ማዕድ ላይ ሳሉ መቃብሩን ከፍቶ ዐፅሟን ይዞ ጠፋ። በጥር 866 ኮንክ ደረሰ። መነኮሳቱ ድርጊቱን ስርቆት አላሉትም፤ የተሰወረ ፍልሰት ብለው በዓል ሠሩለት፤ ሰማዕቷ ራሷ ባትፈቅድ ኖሮ አይሳካም ነበር ብለው ያምኑ ነበርና። እኔ ግን በዚያ ጠዋት ሳስብ የቆየሁት ስለ አሥሩ ዓመት ነው። አንድ ሰው አብሯቸው የሚበላና የሚጸልይ ወንድሞቹን ለመክዳት አሥር ዓመት እየተዘጋጀ ሲኖር በልቡ ምን ይዞ ይሆን? ታሪኩ ይህን አይነግረንም።

ዐፅሟ ከመጣ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። የዕውሮች ዐይን በራ፣ እስረኞች ተፈቱ የሚል ዝና ተሰማ፤ በተለይም የእስረኞች ቅድስት ተባለች፤ የተፈቱት እግር ብረታቸውን ተሸክመው እየመጡ ይሰቅሉላት ጀመር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ስፔኑ ቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር የሚደረገው ጉዞ ሲያይል፣ ለ ፑይ ከተባለችው ከተማ የሚነሣው መንገድ በኮንክ እንዲያልፍ ሆነ። ከለ ፑይ እስከ ኮንክ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በእግር አሥር ቀን ገደማ ይፈጃል። የተሳላሚው ብዛት አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን ስላጠበበው አበምኔት ኦዶልሪክ አሁን ያለውን አስጀመረ፤ አበምኔት ቤጎን ሣልሳዊ፣ እስከ 1107 ድረስ በኖረበት ዘመን፣ ገዳሙን ከሀብቱና ከጥበቡ ጫፍ አደረሰው።

ውስጡ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ መልስ አገኘ። ሸለቆው ለርዝመት ቦታ ስላልሰጣቸው አናጺዎቹ ወደ ላይ ሄዱ። መካከለኛው ክፍል ስፋቱ 7 ሜትር እንኳ ሳይሞላ ቁመቱ 22 ሜትር ያህል ነው፤ ተሳላሚው ጸሎት ሳያውክ ቤተ መቅደሱን ዞሮ እንዲወጣ በመሠዊያው ዙሪያ መተላለፊያ ተሠርቶለታል። ድንጋዩ ራሱ የአገሩን ካርታ ያሳያል፤ ቢጫው ሩሴ የሚባለው የኖራ ድንጋይ ከደጋው፣ ቀዩ ትናንት ካለፍሁበት ሸለቆ፣ ግራጫው ሺስት ከሥሬ ካለው ተራራ ነው። መሠዊያውን የከበበው የብረት አጥር ደግሞ ከተፈቱት እስረኞች ሰንሰለት የተቀጠቀጠ ነው ይባላል። ቀርቤ ስዳስሰው ብረቱ ተጠምዝዞ እንደ ሐረግ ቅጠል ተጠቅልሏል፤ አንዱ ጥምዝ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም።

እኩለ ቀን ላይ ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ በምዕራቡ በር ላይ መውረድ ስትጀምር ወደ አደባባዩ ወጣሁ። ከበሩ በላይ ባለው ግማሽ ክብ ድንጋይ ላይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቀረጸው የፍርድ ቀን አለ። ስፋቱ ከ6 ሜትር ተኩል በላይ ሲሆን 124 አካላት ተቀርጸውበታል፤ ሰማያዊና ቀይ ቀለሙም በየጥጋጥጉ ቀርቷል። ክርስቶስ በመካከል ተቀምጦ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሣል፣ ግራውን ወደ ታች ያመለክታል። በቀኙ እመቤታችን፣ መክፈቻ የያዘ ጴጥሮስ፣ ከኋላቸውም አንድ አበምኔት እጁን ይዞ የሚመራው ንጉሥ ይመጣሉ። ንጉሡ ሻርለማኝ ነው ይባላል፤ አካሄዱ ግን ያለ ገዳሙ ምልጃ መግባት የማይችል ሰው አካሄድ ነው። በግራው ደግሞ ከፈረሱ በጭንቅላቱ የተወረወረ ባላባት፣ የገንዘብ ከረጢቱ በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ስስታም፣ በመረብ የተያዙ መነኮሳት፣ ጥንቸል እንደ ሥጋ በእሳት ላይ የምታዞረው አዳኝ ይታያሉ። ሠሪው መነኮሳትንና ነገሥታትን ከሲኦል አለማስቀረቱን ወደድሁለት። ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ የሚመዝንበት ሚዛንም አለ፤ ትይዩ የቆመው ጋኔን የራሱን ወገን ለማክበድ በጣቱ ይጫናል።

ከሁሉ ይልቅ ያቆየችኝ ግን በታች በስተግራ፣ በጠባብ ጥግ የተቀረጸች አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። ቅድስት ፎዋ በግንባሯ ልትደፋ ጎንበስ ብላለች፤ ከደመና የወጣ ታላቅ እጅ ራሷን ሊነካ ተዘርግቷል። ከጀርባዋ ቤተ ክርስቲያኗ፣ በውስጡም ከምሰሶ የተንጠለጠሉ እግር ብረቶች ይታያሉ። ያ ሁሉ መለከትና ነጎድጓድ ባለበት ድንጋይ ላይ ከራሷና ከእጁ መካከል ያለው ክፍተት የሁለት ጣት ስፋት እንኳ አይሆንም፤ ግን አልተነካኩም። ቀራፂው ያችን ክፍተት የተወበትን ልክ ሳይ ሌላውን ሁሉ ረሳሁ። ከሥር በላቲን የተጻፈው ቃል ኃጢአተኞች ጠባያቸውን ካልለወጡ ጽኑ ፍርድ እንደሚጠብቃቸው ያስጠነቅቃል፤ ይህች ጥግ ግን ስለ ምልጃ እንጂ ስለ ፍርድ አትናገርም።

ማታ ከጸሎት በኋላ ከሚያገለግሉት ወንድሞች አንዱ በመብራት የደመቀውን ቅርጽ ለተሰበሰበው መንገደኛ ሲያብራራ ሰማሁ። ከበስተዳሩ፣ ከድንጋዩ ክፈፍ በላይ፣ ዐይናቸውን ብቻ አሾልከው የሚመለከቱ ትንንሽ ሰዎች መኖራቸውን ያመለከተን እርሱ ነው። የመንደሩ ሰው የኮንክ ጉጉዎች ይላቸዋል።

ቀን አራት፣ እሑድ። ወርቁና መስኮቶቹ

ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ ቀኑን ሙሉ አላቋረጠም። በቅዳሴው ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተቀምጬ የሱላዥን መስኮቶች ያየሁት በዚያ ጨለምለም ባለ ብርሃን ነው፤ በሮዴዝ ያልገባኝ ነገር የገባኝም እዚሁ ነው።

ሱላዥ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ጋር ኮንክን ሊጎበኝ በመጣ ጊዜ ሕይወቱን ለሥነ ጥበብ ለመስጠት እንደ ቆረጠ ይናገር ነበር። ከ1987 እስከ 1994 ድረስ፣ ከቱሉዙ የመስታወት ባለሙያ ዣን ዶሚኒክ ፍሌሪ ጋር፣ ለ104 ክፍተቶች መስኮት ሠራ። ባለ ሥዕል የነበሩት መስኮቶች ሲነሡ ብዙ ነዋሪዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ሱላዥ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ግን ውጭውን የማያሳይ መስታወት ፈለገ፤ ያን የመሰለ ባለመኖሩ መቶዎች ሙከራዎችን አድርጎ ራሱ አሠራው። የመስታወቱ ብናኝ መጠኑ ስለሚለያይ ብርሃኑ በአንዱ ስፍራ ይጠራል፣ በሌላው ይደበዝዛል። ዝናቡ ሲበረታ የሰሜኑ መስኮቶች ሰማያዊ መሰሉ፤ ጥቂት ሲያባራ የደቡቦቹ ወደ ወተት ከዚያም ወደ ገለባ ቀለም ተለወጡ፤ ጥቁሮቹ መስመሮች ግን ባሉበት ጸኑ። ቀለሙን የሚሰጠው ቀኑ ነው። መስኮቱ የሚሠራው ቀን ሙሉ ነውና በሙዚየም ግድግዳ ላይ የሞተ መስሎኝ የነበረው ነገር ትክክል ነበር፤ እዚያ ሰማይ አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግምጃ ቤቱ ገባሁ። የቅድስት ፎዋ ሐውልት፣ ማዤስቴ የሚሏት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በዙፋኗ ተቀምጣለች። ቁመቷ 85 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውስጧ እንጨት፣ ላይዋ ወርቅ ነው፤ ከወርቁ ላይ ደግሞ በዘመናት ተሳላሚው የሰጠው የከበረ ድንጋይ፣ የጥንት ሮማውያን ማኅተምና የቅርጽ ፈርጥ እስኪጨናነቅ ተለጥፎባታል። ራሷ ከአካሏ የተለየ ነው፤ ከሮም ዘመን መጨረሻ የቀረ፣ የወንድ ገጽ የሚመስል ወርቅ ነው። ዐይኖቿ ሰውን አይመለከቱም፤ ከሰው በላይ ወዳለ ነገር ቀጥ ብለው ያያሉ።

በ1013 አንዠ ከምትባል የሰሜን ከተማ የመጣው ሊቅ ቤርናር ይህችን ሐውልት ባየ ጊዜ ደንግጦ ነበር፤ ሕዝቡ በወርቅ ምስል ፊት ሲሰግድ አይቶ የአረማውያን ጣዖት መስሎት ነበር። በኋላ ግን ተጸጽቶ ተአምሯን የሚተርክ ሥራ ጽፎላታል። በሥዕል ፊት እየጸለይሁ ያደግሁ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የተቀረጸ ሐውልት ያላየሁ ሰው በመሆኔ የቤርናርን ድንጋጤ ከማንም በላይ ተረዳሁ። ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ዞርሁት። ከጎኔ የቆሙ አንዲት አሮጊት ተሳላሚ ግን ሐውልቷን ሳይሆን ከሥሯ ያለውን የዐፅም ማኖሪያ ስፍራ ነበር የሚመለከቱት፤ ቤርናርን ያሳመነው ያው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ እዚሁ ይመለሳል። በመካከለኛው ዘመን ከተሠሩ የወርቅ ሐውልቶች አብዛኞቹ ቀልጠዋል። ኮንክም ከአደጋ አላመለጠችም፤ በ1568 ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያኑን አቃጥለውታል፤ የቃጠሎው ጉዳት ዐምዶቹን በግንብ እስከ ማስሸፈን አድርሷል። ትልቁ ፈተና ግን የፈረንሳይ አብዮት ነበር። የአዲሱ መንግሥት ሰዎች የቤተ ክርስቲያናትን ወርቅና ብር ለማቅለጥ እየሰበሰቡ ሲመጡ፣ የኮንክ ሕዝብ በሌሊት ግምጃ ቤቱን ከፍቶ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንዳንድ ዕቃ ወሰደ። ገሚሱ በአትክልት ስፍራው ቀበረ፤ ገሚሱም በሻቴኝ ማድረቂያ ጎጆው ውስጥ ከፍሬው ሥር ሸሸገ። ማዕበሉ ሲያልፍ መለሱት። እነዚያ ሰዎች ሀብታሞች አልነበሩም፤ በሻቴኝ የሚኖር ድኻ ሕዝብ ነበሩ፤ ከሸሸጉት አንዱን የከበረ ድንጋይ እንኳ ቢሸጡ ዕድሜ ልክ ሊያኖራቸው ይችል ነበር። ማታ ይህን ለአስተናጋጄ ባነሣባቸው፣ «የእኛ አልነበረማ» ብለው ብቻ ሳህኑን አነሡ።

ሆኖም ታሪኩን አሳምሬ ብቻ ልጽፈው አልፈልግም። ይኸው ሕዝብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የገዳሙን ቅጥር ግቢ እንደ ድንጋይ ማውጫ ተጠቅሞበታል፤ ቤጎን ካሠራው የዐምድ መተላለፊያ ዛሬ በምዕራቡ በኩል ጥቂት ቅስቶች ብቻ ቀርተዋል። ወርቁ የቅድስቲቱ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ባለቤት የጠፋለት ፍርስራሽ መስሎ ታይቷቸዋል። ይህ ጥፋት እንዲቆም ያደረገው በ1837 የመጣው የታሪካዊ ሐውልቶች ተቆጣጣሪ ፕሮስፔር ሜሪሜ ነው። እንዲህ ባለ በረሃ ይህን ያህል ሀብት አገኛለሁ ብሎ አለማሰቡን ጽፎ ለመንግሥት አቀረበ፤ ጥገናውም ተከተለ። በ1873 የፕሬሞንትሬ ማኅበር ወንድሞች መጥተው ጸሎቱን ቀጠሉ። በ1875 ደግሞ በመሠዊያው ዙሪያ ባለው ግንብ ውስጥ፣ በጌጥ ሰሌዳዎች የተለበጠ የቆዳ ሣጥን ተገኘ፤ በውስጡም የቅድስቲቱ ዐፅም ነበረ።

ቀን አምስት፣ ሰኞ። ድልድዩና ማዶው ተራራ

የመውጫዬን መንገድ ተሳላሚዎቹ የሚወጡበት እንዲሆን መረጥሁ። ከአደባባዩ በሻርለማኝ ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ በድንጋይ የተነጠፈው መንገድ በዝናቡ ምክንያት እንደ ሳሙና ያንሸራትት ስለነበር በግድግዳው ተደግፌ ወረድሁ። የባሩ በር ቅስት ታልፎ፣ በስተግርጌ የዱርዱ ድልድይ ይገኛል።

ድልድዩን ብዙ ሰው የሮማውያን ድልድይ ይለዋል፤ ስሙ ግን ከስሕተት የመጣ ነው። የአካባቢው የኦክሲታን ቋንቋ ተሳላሚውን ሩሚዩ ይለዋል፤ ስሙ በፈረንሳይኛ ሲነገር ሮማዊ ወደሚለው ቃል ተጠጋ። በእርግጥ የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1998 ይህ ድልድይና ቤተ ክርስቲያኑ የቅዱስ ያዕቆብ መንገዶች አካል ሆነው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የተሠራው ለአንድ ሰውና ለአንድ በቅሎ በሚበቃ ስፋት ነው፤ መኪና ሲመጣ እግረኛ ወደ ዳር ይጠጋል።

ከድልድዩ ማዶ መንገዱ በሻቴኝ ጫካ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ፍሬው በእሾሃማ ቅርፊቱ እየረገፈ መሬቱን ሞልቶታል፤ የሚለቅመው ግን የለም። ይህ ጫካ ከማናቸውም ቁጥር በላይ ስለ መንደሪቱ ዛሬ ይነግራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ በኩል ዴካዝቪል ላይ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሲከፈት ወጣቱ ከገደሉ እርሻ ወደዚያ ወረደ፤ የቀረውም ወደ ከተማ ሄደ። በ2016 ኮንክ ከግራን ቫብር፣ ከኖዋያክና ከሳን ሲፕሪያን ጋር ተዋህዳ ኮንክ አን ሩዌርግ የሚባል አንድ ማዘጋጃ ቤት ሆናለች። በክረምት አብዛኛው የመስኮት መዝጊያ እንደማይከፈት አስተናጋጄ ነግረውኛል፤ በበጋ ደግሞ ጎብኚው ከመብዛቱ የተነሣ ወደ ገዛ ቤታቸው ለመግባት ይቅርታ እየጠየቁ ማለፍ አለባቸው። ያ ጥበት ድሮ ያዳናት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና ሆኖባታል። እርሻ የሌለበት መንደር የሚኖረው በመንገደኛ ነው፤ በአንድ በኩል ግን መንደሪቱ መቼ በሌላ ነገር ኖራ ታውቃለች?

ከግማሽ ሰዓት በላይ ከወጣሁ በኋላ የቅድስት ፎዋ ትንሽ ጸሎት ቤት ጋ ደረስሁ። በተራራው ወገብ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከበሯ አጠገብ መንገደኛ የሚደውላት ደወል አለች። ከእኔ በፊት ሁለት ወጣቶች ቀድመው ደርሰው ነበር፤ አንደኛዋ ከለ ፑይ ጀምራ አሥራ አንድ ቀን መሄዷን፣ ሁለት ወር ያህል እንደሚቀራት ነገረችኝ። ደወሉን እንድደውል ቦታ ለቀቀችልኝ።

ወደ ኋላ ዞሬ ስመለከት መንደሪቱ ሙሉ ለሙሉ ትታይ ነበር። ከሸለቆው ማዶ፣ ዛጎሉ ውስጥ፣ ጭጋጉ ገና ከኡሽ እየተነሣ ነው፤ የእርጥብ ላውዝ ጣሪያዎቹ ከተራራው ድንጋይ ሊለዩ አልቻሉም፤ ሦስቱ ማማዎች ብቻ ወጥተዋል። ገመዱን ሳብሁት። ድምፁ ወደ ማዶ ሄዶ በሺስቱ ላይ ተመታና ዘግይቶ ተመለሰ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ ኖዋያክ የሚወስደውን ዳገት ቀጠልሁ።